ቀድሞ የሚደርስ ምንጣፍ

ቀበሌው ለችግረኞች በየወሩ እህል ሊሰፍር ነው ተባለና ሊቀመንበሩ ጓድ ሙሐዲን ከመርካቶ ጀርባ የሚኖሩትን ሰባት አመልካቾች ቤት ለቤት ሊያጣራ ወጣ። ድህነትን በዓይኑ ሳያይ የማይፈርም ሰው ነው።

መጀመሪያ ባህሪያ የሚባሉ ባልቴት ቤት ገባ። እንግዳን ባዶ መሬት ላይ ማስቀመጥ ሞታቸው ነውና ቀይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ አቀረቡለት።

«ታኢ፣ ቁጭ በል ልጄ። ቢስሚላህ በል።»

ጠጣ፤ «ምንጣፍ አላቸው» ብሎ ጻፈና ሰረዛቸው።

ሁለተኛውም ቤት ቀይ ምንጣፍ፣ ሦስተኛውም ቀይ ምንጣፍ። ጫፉ ላይ ያለው የሲጋራ ቃጠሎ እንኳ አንድ ዓይነት ነው። ምንጣፉ በጓሮ እየዞረ እንደሚቀድመው ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ እሱ አልነቃም። ሰባተኛው ቤት ላይ ሆዱ በሻይ ተነፍቶ «በቀበሌያችን ድሃ የለም» ብሎ ፈረመ።

ደክሞት ቤቱ ሲገባ ሳሎኑ ወና ነው።

«ምንጣፋችንስ?» አላት ሚስቱን ዘይቡን።

«ጎረቤት ተዋሰው። ስኳሩንም ብርጭቆውንም ወስደዋል። ትልቅ እንግዳ ይመጣብናል ሲሉኝ እንዴት እምቢ ልበል?»

ሙሐዲን መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። በዓይኑ ያየውን አይክድም፤ ፋይሉን ከፈተና አንድ ችግረኛ መዘገበ፤ ራሱን።