የጀርባ ልክ

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ያልሰፋችላትን ቀሚስ ለብሳ አታውቅም። ልብስ ሰፊ እናት ያላት ልጅ ምን ይጎድልባታል! በአራት ዓመቷ ጉበቷ አልሠራም ሲል ደግሞ ይህችው እናት ከራሷ ጉበት አስቆርጣ ሰጥታታለች። ኧረ ከዚህ ወዲያ እናት ከየት ይመጣል? ልጅቷም ከእናቷ አፍ የወጣውን ሁሉ ታምን ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባዋን ሲያማት፣ "ተጣመሽ ስለምትቀመጪ ነው፤ ቀና በይ!" ስትባልም አመነች። ቀና አለች፤ ሕመሙ ግን በጄ አላለም። ባለፈው ሳምንት ባልዲ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ወገቧ ቋ አለና እዚያው ተዘረረች።

ዛሬ ሐኪሙ እናትና ልጅ ፊት ራጁን መብራት ላይ ሰቀለው። "ሦስት የአከርካሪ አጥንቶች ተጨፍልቀዋል። ሰውነትሽ ጉበቱን እንዳይገፋው የወሰድሽው መድኃኒት አጥንት ያሳሳል። ለጀርባሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ፣ ገና በማደግ ላይ ሳለሽ፣ አጥንቱ ሊያገግም ይችል ነበር። አሁን እንዳይብስ እናክማለን እንጂ የሄደው ይመለሳል ብዬ አልዋሽሽም። ቁመትሽ መቀነሱን አላስተዋልሽም?"

"ኧረ በጭራሽ! ልብሴ ሁሉ ልኬ ነው።"

እናትየዋ መቻል አቃታት። "ካቻምና ነው የጀመረው፣" አለች እያለቀሰች። "የጀርባ ልኳ አንድ ሴንቲ ቀነሰ። ዘንድሮ ደግሞ ሁለት።"

"አይተሽ ነበር?" አለች ልጅቷ።

"የኔ ልጅ…"

"አይተሽ ነው ቀሚሱን እያሳጠርሽ የሰፋሽልኝ?"

"ፈራሁ! ልጅነትሽን እዚህ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ጨረስሽው። እስቲ ትንሽ እንደ ሰው ልጅ ትኑር ብዬ ነው።"

ልጅቷ ደሟ ፈላ። እሷ ሕመሙን ውጣ ቀና ለማለት ስትታገል፣ እናቷ አጥንቷ እያለቀ መሆኑን በሜትር ለክታ ታውቅ ኖሯል! ባዳ ቢያደርገው እሺ፤ እናት?

ነርሷ ቅጽ ይዛ ገባች። "ለክትትሉ አስታማሚ ማን ብዬ ልጻፍ?"

እናትየዋ አሥራ ሁለት ዓመት እንደለመደችው እንባዋን ጠርጋ ስልክ ቁጥሯን መናገር ጀመረች።

"እሷን አይደለም፣" አለች ልጅቷ፣ ዞር ብላም አላየቻት። "አክስቴን ይጻፉልኝ።"

ነርሷ እናትየዋን አየት አደረገቻት፤ ከዚያ የጀመረችውን ቁጥር ሰረዘችው።