ወይዘሮ አስላውግ በትንፋሽ የሸጡት ቤት

ወይዘሮ አስላውግ ቤታቸውን የሸጡት በአንድ ትንፋሽ ነው። ጎረቤታቸው ሮአልድ ጣሪያቸውን ጠግኖ ወርዶ የዓሣ ሾርባውን እየጠጣ፣ «እትዬ አስላውግ፣ ከተማ መግባትዎ ካልቀረ ቤቱን በተባባልነው ዋጋ ለኔ ይሰጡኛል?» ሲላቸው፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። የሴንያ ደሴት ሰው እሺ የሚለው እንደዚያ ነው። ከዚያ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ በቃ፣ አለቀ።

ልጃቸው ኢቫር ይህን ሲሰማ ከኦስሎ ከተፍ አለ። «ወረቀት የት አለ? ፊርማ የት አለ? እማዬ፣ ብርዱ ነው ያስተነፈሰኝ በይ!» ለሮአልድም ሽያጭ የሚባል ነገር የለም ብሎ ላከበት። ሮአልድ ሆዬ ነገሩን የወረዳው አስታራቂ ሽማግሌዎች ዘንድ ወሰደው። ምን ያድርግ? ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የሚኖሩትም አማቶቹ ቤት ተጨናንቀው ነው።

ወይዘሮ አስላውግ እንቅልፍ አጡ። ሮአልድን መካድ ነውር ነው። አንድ ልጅን ማስቀየምስ? ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ኢቫር ለምን እንዲህ እንደሚንገበገብ ግን አልጠየቁትም፤ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል የከተማ ሰው አግኝቶ ነው ብለው ደመደሙ። እሱም አልተናገረም። አይ የዚያ ቤት ሰው! ዝምታ ሲወዱ ለጉድ ነው።

ቀኑ ደርሶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረቡ።

«አስላውግ፣ ቤቱን ሸጠሽለታል ወይስ አልሸጥሽለትም?» አለች ሰብሳቢዋ ቱሪድ።

ኢቫር አጠገባቸው ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ሸጬለታለሁ» አሉ። «እጁን ጨብጫለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ዋሾ አልባልም።»

«እንግዲያው ምን ቀረ? በአገራችን ሕግ ቤት በቃልም ይሸጣል» አለች ቱሪድ። ሮአልድ እንባው መጣ።

ውጭ ኢቫር የመኪናውን በር ከፍቶ ቆመ፤ አልገባም።

«ተቀየምከኝ?» አሉት እናቱ።

«አይ።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል? ገንዘቡ ነው?»

«የምን ገንዘብ! እማዬ፣ ኦስሎ አንገሽግሾኛል። ልመለስ ነበር። እዚያ ቤት ልኖር ነበር።»

«መቼ ነገርከኝ?»

«የምታውቂ መስሎኝ።»

ወይዘሮ አስላውግ ኮቱን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙት። «ውይ ልጄን! አንዲት ቃል ብትለኝ ኖሮ፣ ካንተ ሌላ ለማን እሰጠው ነበር?»

ኢቫር ጎንበስ ብሎ ትከሻቸው ላይ አለቀሰ።