አገር የሌለው ማር

ብሔራዊ ማር የሚባለው የመንግሥት ድርጅት እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር ቀለም ይቀባል። አጥሩ ይቀባል፣ የመንገዱ ጠርዝ ይቀባል፣ የዛፉ ግንድ ይቀባል፤ ዝም ብሎ የቆመ ዘበኛ ካለም ለራሱ ይወቅ። ሶሬቲ እዚያ የማር ዕቃ ክዳን የምታጠብቅ የቀን ሠራተኛ ስለነበረች ይሄን ሁሉ በዓይኗ አይታለች። የባለፈው ጉብኝት ዋዜማ ሥራ አስኪያጁ ትልቁን የማር ታንከር ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ይሄ ዝገት የአገር ገጽታ ያበላሻል። ክዳኑ ሲከፈት እንግዳው ያዩታል፤ ውስጡንም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርጉልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ማር እኮ ሽታ ይስባል። ቀለሙ ሳይደርቅ ማሩን ከገለበጥንበት አለቀልን» አለች ሶሬቲ።

«እንግዳው ነገ ነው የሚመጡት። አንቺ ክዳንሽን አጥብቂ።»

አጠበቀች፤ ምን ታድርግ። ማሩ የመንግሥት፣ ቀለሙ የመንግሥት፣ የእሷ አፏ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰሚ የለውም። እንግዳው መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ማሩም በዕቃ ታሽጎ፣ ክዳኑ ላይ ባንዲራ ተለጥፎለት፣ ቀለም ቀለም እየሸተተ ባሕር ተሻገረ።

የሶሬቲ አባት ጉዲናም የማር ሰው ነው፤ ግን የራሱ። ኢሉባቦር ያሉት ወንድሞቹ ከጫካ የሚልኩለትን ማር፣ ለሚ ኩራ ካላለቀ ፎቅ ሥር በተከራያት ክፍል ያሽጋል። ሳይጸልይበት አንድ ዕቃ አይዘጋም። አንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ናሙናውን ቀምሶ «ላኩልኝ» ስላለ ጉዲና የነበረውን ሥራ ለቀቀ፤ ወንድሞቹም እሱን አምነው ላማቸውን ሸጠው ቀፎ ጨመሩ። ጉዲና ደስታው ሲበዛበት ባንዲራ አሳትሞ ዕቃው ላይ ለጠፈ። ማንም አላዘዘውም።

አንድ ቀን የውጭ ጭነቱን ጉዳይ የምታስጨርስለት ሮዳስ፣ ኦሎምፒያ ሰፈር ካለው ቢሮዋ ደወለችና አባትና ልጅ ሄዱ።

«ጋሽ ጉዲና፣ ይቀመጡ። ጀርመኑ ኦርደሩን ካንስል አድርጓል።»

«ወዶታል አላልሽኝም ነበር?»

«የእርስዎን ወዶታል። የብሔራዊ ማር ግን ቀለም ሸቶ ተመለሰ። አሁን ከኢትዮጵያ ማር የሚባል አንነካም እያሉ ነው።»

«እኔ ብሔራዊ ማር አይደለሁም፣ ልጄ። እኔ ጉዲና ነኝ።»

«ነግሬዋለሁ። ምን አለኝ መሰለዎት? የግለሰብ ኩባንያ ቢሆን ኩባንያው አጠፋ ብለን እናልፈው ነበር፤ ይሄ ግን መንግሥት ራሱ የላከው ነው። የመንግሥቱ እንዲህ ከሆነ የተራው ሰው እንዴት ሊሆን ነው አለ። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባላል። የጉዲና ማር ግን ከአህያዋ ጋር አልዋለም፤ ያው አንድ አገር መወለዱ ነው ጥፋቱ።

«አንድ ዱባይ ያለ ሰው አለ» አለች ሮዳስ ዓይኗን ወደ ስልኳ አድርጋ። «የአገሩ ስም ካልተጻፈበት አየዋለሁ ብሏል።»

ለሚ ኩራ ተመለሱ። ጉዲና ሣፋ ሙሉ ሙቅ ውኃ አቀረበና ዕቃዎቹን እየነከረ ባንዲራውን ይልጥ ጀመር። ሶሬቲም ከጎኑ ቁጭ ብላ በጥፍሯ ትፍቃለች።

«አባዬ፣ አሁን ይሄ ማር የየት ነው ልንል ነው?»

«የእግዚአብሔር።»

«ደረሰኙ ላይም እንደዚያ ብለን እንጻፍ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅላት ነበር። ጎረቤት የተከፈተው ቴሌቪዥን የብሔራዊ ማር ሥራ አስኪያጅ የአገር ገጽታ በመገንባት ላሳዩት ውጤት ወደ አንድ ትልቅ የመንግሥት ሲሚንቶ ፋብሪካ መሾማቸውን ያወራል። «እንግዲህ ሲሚንቶውንም ይቀቡታል» አለች ሶሬቲ። ጉዲና ሌላ ዕቃ ነከረ።

ባንዲራው ሁሉ ተልጦ አልቆ ናሙናው ዱባይ ከደረሰ በኋላ ሮዳስ እንደገና ደወለች።

«ሰውዬው አልፈልግም አለ፣ ጋሽ ጉዲና። የት እንደተቆረጠ የማይታወቅ ማር ወይ የተሰረቀ ነው ወይ ስኳር ነው አለኝ።»

ጉዲና «ተባረኪ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቂም መያዝ እንኳ ያቃተው ሰው ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩትን ራቁት ዕቃዎች አየ፤ ሙጫው ላይ አቧራ ተጣብቆባቸዋል።

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ከኢሉባቦር። ጉዲና ስሙን አየና ስልኩን ለሶሬቲ ዘረጋላት።

«አንቺ አፍ አለሽ። ንገሪው።»

ሶሬቲ ተቀበለች።

«ሶሬ፣ አንቺ ነሽ?» አለ አጎቷ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ለአባትሽ ንገሪው። አዲሶቹን ቀፎዎች ሰቅለናቸው ነበር፤ ዛሬ ንቡ ገባባቸው። ሁሉም ውስጥ። ማሩ ሲደርስ ምን ያህል እንላክ በይው፤ እየጠበቅን ነው።»

ሶሬቲ አፏን ከፈተች። አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«ሶሬ? አትሰሚኝም እንዴ?»

«እሰማሃለሁ» አለች፤ በጥፍሯም ከአንዱ ዕቃ ላይ ሙጫውን ትፍቅ ጀመር።