ሳል የሚቀሰቅስ ቀልድ

«ኧረ ምነው፣ ጋሼ! በጀርባዎ ተንጋለው?» አለ ፊቱ በጠባሳ የተሸፈነ ብረት በያጅ ገና ከደጃፉ። «ባለቤትዎ ቢያዩዎት ጉድ ይፈላ ነበር!»

«ይሄ ደግሞ፣ ልቅሶ ቤት መሆኑን ማን በነገረው» አለች የልጅቱ አክስት በሹክሹክታ። ልጅቱ የቀዘቀዘውን ሾርባ ይዛ ከአባቷ አጠገብ ቆማለች። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ አባቷ እህል አልቀመሰም። ሶፋው ላይ ተዘርሮ ጣሪያ ያያል። ለእናቷ ያፈሰሰችው እንባ ሳይደርቅ አባቷንም እንዳትቀብር ፈርታለች።

እናቷ የቃጠሎ ክፍል ነርስ ነበረች። በያጁም ተቃጥሎ በእሷ እጅ የዳነ ነው። በጀርባው የተዘረጋ በሽተኛ ማየት አትወድም ነበር፤ አልጋውን ከራስጌው ከፍ ታደርጋለች፣ አፉን ታጸዳለታለች፣ «በል ሳል! አክታው ሳንባህ ውስጥ ከተኛ የሳንባ ምች ይሆንብሃል» ትላለች። ማሳል የሚያመውን በቀልድ ታስቀዋለች፤ ሲስቅ ሳሉ ይመጣል። ቀልዶቹን እራት ላይ በባሏ ነበር የምትፈትነው። እሱ ደግሞ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አያስቅም» ይላታል። ልጅቱ ያደገችው ይህን ሙግት እየሰማች ነው፤ ደስ የሚል ቤት ነበር።

በያጁ ሁለት ትራስ ከአባትየው ጀርባ ሸጎጠና ሾርባውን ከልጅቱ ተቀበለ።

«አልራበኝም» አለ አባቷ።

«እኔም አልራበኝም ነበር። እሳቸው መች ጠየቁኝ! በተቃጠልኩ ማግስት በአፍንጫዬ ቱቦ አስገብተው አበሉኝ። ‹ሰውነትህ እንዲህ ተጨንቆ ሳለ ጨጓራህን ባዶውን ከተውኩት ቆስሎ ይደማል› አሉ። ከዚያ ያንን ቀልድ አመጡ።»

«የቱን?»

«ሰነፉን ሰውዬ ‹ቤትህ እየተቃጠለ ነው፣ ተነስ!› ሲሉት፣ ‹እንግዲያው ብርድ ልብሱን ግፈፉልኝ› ያለውን።»

«ለተቃጠለ ሰው?!» አክስቷ አፏን ያዘች።

የአባቷ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ልጅቱ የሚያለቅስ መስሏት ተጠጋች። እየሳቀ ነበር! ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ በያጁም ጀርባውን መታ መታ እያደረገ «እሰይ! ይውጣ!» አለ። አክስቷ ሳትቀር ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ያስቃል» አለ አባቷ እንባውን እየጠረገ። «ሁሉም ያስቁ ነበር። አንድም ቀን አልነገርኳትም።»

ማንኪያውን ከበያጁ ወስዶ ራሱ ይበላ ጀመር። ጥቂት እንደቀመሰ ቀና ብሎ ልጁን አየ።

«አንቺስ የበላሽው መቼ ነው?»

ማንኪያውን ሞልቶ ወደ አፏ አቀረበላት፤ እንዳይንጠባጠብባትም ሌላውን መዳፉን ከሥሩ ዘረጋ።