ዝማሬ የጠራችው ስም

የዝማሬን ድምፅ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። የፀረ ሱስ ክበቡ ሰብሳቢ እሷ ስለሆነች ሰኞ ሰኞ ከሰልፍ በፊት ማይክሮፎኑን ይዛ ትናገራለች። ጥቅምት ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ፣ የቦንጋ ተማሪ ከጫትና ከአረቄ ሌላ የሚያውቀው የለም ብላ ስለ አንድ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አስተማረች። ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራችው። "ሐሳብ ያስረሳል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ አንዴ ከያዘ ግን አይለቅም" አለች። ተጨበጨበላት።

ካጨበጨቡት አንዷ ሶሲ ነበረች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጥ የልብ ጓደኛዋ ናት። ክረምት ላይ አባቷ በጅማ መንገድ መኪና ተገልብጦባቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ ዞሮ አያውቅም።

ታኅሣሥ ሲገባ ሶሲ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት ጀመረች። ዝማሬ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ተመስገን፣ እንቅልፍ አገኘች ብላ። አንድ ቀን እስክሪብቶ ልትዋስ የሶሲን ቦርሳ ስትከፍት ግን ሦስት ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አገኘች።

"ሶሲ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ስሙን የነገርሽን አንቺ አይደለሽ?" ሶሲ አልተቆጣችም። "ሐሳብ ያስረሳል አላልሽም? እውነትሽን ነው።"

"አይለቅም ብያለሁ እኮ!"

"እሱንም ሰምቻለሁ።"

ዝማሬ እያለቀሰች ክበቡን ለሚመሩት ለቲቸር ኤርምያስ ነገረቻቸው። እሳቸውም "ከእንግዲህ ስም አትጥሪ" አሏት። ስለ ሶሲ ምን ይደረግ ስትላቸው "እኔ እንጃ ልጄ፤ ለእናቷ ንገሪያቸው" አሉ።

የሶሲ እናት እትዬ ፀዳለ ገበያ ላይ ኮረሪማ ይሸጣሉ። ዝማሬ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስሙን ለልጃቸው ያስተማረው ማን እንደሆነ ብቻ ሳትናገር ቀረች። እትዬ ፀዳለ ሶሲን ጅማ ወስደው አሳከሟት። ስትመለስ ሁለት ሳምንት ደህና ሆነች፤ ከዚያ ትምህርት ቤት መምጣቱን ጭራሽ ተወችው።

ዝማሬ ልትጠይቃት ስትሄድ ጋቢ ተከናንባ፣ ላብ አጥምቋት አገኘቻት።

"ፋርማሲው ለእኔ አልሸጥም ብሏል" አለች ሶሲ የዝማሬን እጅ ይዛ። "የክበቡን ካናቴራ ለብሰሽ ሂጂልኝ። አንቺን ማንም አይጠረጥርሽም።"

"እሱንስ አላደርገውም፣ ሶሲዬ።"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

ሶሲ እጇን ለቃ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሚያዝያ ላይ ሶሲ ከቤት እንደወጣች ቀረች። ሺሺንዳ ከተማ አውቶብስ ስትጠብቅ አየናት ያሉ ነበሩ፤ እናቷ ሁለት ጊዜ ሄደው ፈልገው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዝማሬም ሰብሳቢነቱን ለቀቀች። ሰኞ ሰኞ የሚናገረው አሁን ሌላ ልጅ ነው።

እትዬ ፀዳለ ገበያ ላይ ባገኟት ቁጥር አንገቷን አቅፈው ይስሟታል። "ለልጄ የደከምሽላት አንቺ ብቻ ነሽ፤ እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ" ይሏታል።

ዝማሬ መሬት መሬት እያየች አሜን ትላለች።