ለአረንጓዴው ፒክአፕ ቱቦ ሲመረጥ

ቨርጂል ኮምብስ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ መዋል ከጀመረ ስድስት ወር አለፈው። መጋቢት ላይ ስትሮክ ግማሽ ጎኑን መታው። እግሩ እየተሻለው መጣ፣ አንደበቱም ቀስ እያለ ተፈታ፤ ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ሐኪሙ "ይንቀሳቀስ" ይላል። ማን ሰምቶት! በዚያ የምሥራቅ ኬንታኪ ሸለቆ ውስጥ ያልፈታው ሞተር የሌለ ሰው፣ "ወጥቼስ ምን ልሠራ?" ብሎ ቁጭ አለ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ልጁ ጆሌታ፣ አባቷ ዓይኗ ሥር እያለቀባት እንቅልፍ አጣች።

የአባቷ አረንጓዴ ፒክአፕ ከሞተሩ ጎን ያለው የጭስ ማውጫ ብረት ተሰንጥቆ ስለነበር አንድ ዘዴ መጣላት። አሮጌውን ፈትታ አወጣችና፣ ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን እንደ በላ ከበሩ ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ በተሰነጠቀው ፋንታ አዲስ የጭስ ማውጫ ቱቦ ልገጥም ነው። ና እየው።"

"ደስ ያለሽን ግጠሚ።"

"እሺ። ከተበላሸ ግን እኔ የለሁበትም።"

ይቺን ሲሰማ ከዘራውን ፈለገ። የፈለገ ቢታመም ሌላ ሰው ፒክአፑን ሲያበላሽበት የሚችል አንጀት የለውም።

ጋራዡ ወለል ላይ እስከ ጋቢናው ሥር የሚደርሱ ረዣዥም ቱቦዎች ተዘርግተው ነበር። ቨርጂል አየት አደረጋቸው።

"ይሄን ገጥመሽ ወንዙን ልትሻገሪው ነው ወይስ ልታርሺው?"

በእነሱ መንገድ ድልድይ የለም። ሰው ሁሉ ወንዙን በድንጋዩ ላይ እየተንገጫገጨ ነው የሚሻገረው፤ ረዥም ቱቦ ደግሞ ከመኪናው ሥር ይንጠለጠላል።

"ወይኔ! እሱን እኮ አላሰብኩትም!" አለች ጆሌታ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና። ማስመሰል አታውቅበትም፤ ከልጅነቷም አታውቅበት።

ቨርጂል አንዱን ቱቦ በከዘራው ገለበጠው። ሆዱ ተጨፍልቋል። "የጎረቤታችን የዴልበርት ቱቦ ነው" አለ። "ወንዙ ውስጥ ያስጨፈለቀው። እኔ ራሴ ነኝ ፈትቼ ያወረድኩለት።"

ጆሌታ ቱቦውን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

"ተውሰሽ አመጣሽው። ሽማግሌው አርሞኝ ደስ ይበለው ብለሽ።" አልጮኸባትም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። "ታመምኩ እንጂ ሕፃን አልሆንኩም፣ ልጄ። አታባብይኝ።"

"ፈርቼ ነው" አለች፣ እንባዋ መጣ። "እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልክ እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው፣ አባዬ።"

ቨርጂል ወደ በሩ ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። "ልትገጥሚ ያሰብሽውስ የታለ?"

"ሣጥኑ ውስጥ ነው። አጭር ነው፤ ድንጋይ አይነካውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳገላብጥ ቆይቼ ነው የመረጥኩት።"

"አሳዪኝ።"

ከሁለቱ ቱቦዎች የሞተሩን ግራ ጎን የሚይዘውን አወጣችለት። እሱን አየ፣ ኮፈኑ ወደ ተከፈተው ሞተር አየ፣ እንደገና ቱቦውን አየ።

"የፍሪሲዮኑ ዘንግስ በየት ሊያልፍ ነው?"

"የምን ዘንግ?"

"ከፔዳሉ ወደ ፍሪሲዮን የሚሄደው ነዋ! ይሄ ለአውቶማቲክ የተሠራ ነው። የኛ በማርሽ ነው።"

ጆሌታ ጎንበስ ብላ ቱቦውን ከሞተሩ ጋር ለካችው። ልክ ዘንጉ ላይ አረፈ። ፊቷ ኩምሽሽ አለ።

"ይሄም ቲያትር ነው?" አላት።

"አይደለም። እውነቴን ነው አባዬ፣ አላወቅኩም።"

ቨርጂል ትክ ብሎ አያት። አመናት። ካመናት በኋላማ ማን ይቻለው!

"ሣጥኑ ላይ ተጽፎ የለም? ማንበብ አልተማርሽም? ልጆች ጭነሽ ነው የምትነጂው አሉ! በይ መልሺው፣ በማርሽ ለሚነዳ በያቸው። በቱቦውና በሞተሩ መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮንም የወረቀቱን እንዳታመጪ፣ ተቃጥሎ ነው የሚያልቅ። ገጥመሽ አንዴ ካሞቅሽው በኋላ ሲቀዘቅዝ ብሎኑን ሁሉ እንደገና ታጠብቂያለሽ፤ እሱንም ረስተሽው ይሆናል!"

አንዳንዱ ቃል አፉ ውስጥ ይተሳሰራል፤ ቢሆንም አላቆመም። ከመጋቢት ወዲህ ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ተሰድባ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ወደ ቤት እንዳይገባባት ሌላ ጥያቄ ፈለገች። መጀመሪያ የመጣላት መልሱን የምታውቀው ነበር፤ ዋጠችው። ከዚያ ስድስት ወር ስትፈራው የኖረችውን አወጣችው።

"አባዬ፣ ቀኝ እጅህ ይሰማሃል?"

ቨርጂል ቁጣውን አቋረጠ።

"አውራ ጣቴ ላይ። ትንሽ። ከጀመረኝ ሳምንት አልፎታል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትፈሪው?"

በግራ እጁ ቀኝ እጁን አነሣና የመኪናው ጠርዝ ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው።

"እስቲ አንድ ብሎን አቀብዪኝ" አላት።