አሥራ አራተኛዋ ተናጋሪ

ዶሪን፣ ሽጉጥ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ የሚለው ረቂቅ ሕግ ድምፅ እንዲሰጥበት ስትማጸን ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ግን ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ይሰጥና ረቂቁን ለከርሞ ያሳድረዋል።

ሰብሳቢው ዝርዝሩ ላይ እንዳቀረቀረ፣ «አሥራ አራተኛ፣ ትሬሳ ሃልቨርሰን!» ሲል ተጣራ።

ትሬሳ የዶሪን ልጅ ነበረች፤ በዘጠኝ ዓመቷ የጎረቤት ሽጉጥ ገድሏታል።

«አንቺ ነሽ ያስመዘገብሻት?» አለች ጓደኛዋ ሞድ በሹክሹክታ።

«እኔማ የጻፍኩት የራሴን ስም ነው።»

ከተናጋሪዎቹ ወንበሮች አንዱ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ በራሱ ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋ። ስልካቸውን ሲጎረጉሩ የነበሩት እንደራሴዎች ቀና ብለው ያዳምጡ ጀመር፤ አንዷ አለቀሰች። ምንም ያልሰማችው ዶሪን ብቻ ነበረች።

«ጊዜሽ አልቋል፣ የኔ ልጅ» አለ ሰብሳቢው እንደ ልማዱ። ያለው ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ።

«አሁኑኑ ድምፅ እንስጥ» አለ እየተጣደፈ፤ «ልጅቷ ከርሞ ደግሞ እንዳትመጣ!»